መካከለኛ ሞገድ በጅማ፦ 684፣ 873፣ 1080 ኪሎኸርዝ ከየት ይመጣሉ፣ ለምንስ ይሻክራሉ?

ሂርማታ_ሞገድ

ሰላም ለሁላችሁ። የኤኤም (የመካከለኛ ሞገድ) ሬዲዮ ታሪክ በተነሳ ቁጥር «የኛ የጅማ ጣቢያ» ሲባል ይሰማል። ብዙ ጊዜ ግን የሚወራለት ጣቢያ ምሰሶው ጅማ አልነበረም። ሦስት ነገር እናጥራ።

በመካከለኛ ሞገድ ጅማ ላይ ሲሰማ የኖረው ከየት የሚሠራጨው ነው? ዳያሉ በሜትር የተጻፈ አሮጌ ፊሊፕስ ላይ እነዚህ ጣቢያዎች የት ላይ ይገኛሉ? በዲጂታል ሬዲዮ ደግሞ 1080 ጥርት ብሎ ሳለ 873 እና 684 የሚሻክሩት ለምንድን ነው?

ለትዝታ ሌላ ክር አለ፤ እዚህ ቁጥርና ምክንያት ይሁን።

ጋሼ_ዳያል

ከታሪኩ ልጀምር። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ሥርጭት የተጀመረው በ1935 በፈረንጆቹ ነው፤ ጣሊያን ገብቶ ተቋረጠ፣ ከነፃነት በኋላ ቀጠለ። ለረጅም ጊዜ ክፍለ ሀገር የሚደርሰው በአጭር ሞገድ ነበር። የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ደግሞ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ሥራ ጀመረ፤ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት የሆኑ ሁለት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች ነበሩት። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ።

ለጅማ ሰው ዋናው ነገር የመጣው መንግሥት በየአቅጣጫው ትላልቅ የመካከለኛ ሞገድ ማሠራጫዎች ሲያቆም ነው። ከነዚህ ውስጥ ለኛ የሚቀርቡት ሁለት ናቸው፦ መቱ በ684 ኪሎኸርዝ፣ 100 ኪሎዋት፤ ከአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ጌጃ በ873 ኪሎኸርዝ፣ እሱም 100 ኪሎዋት። ሐረር 855 ላይ፣ ሮቤ 972 ላይ ነበሩ። ፋና በ1987 ዓ.ም. ሲጀምር 1080ን ያዘ፤ በአጭር ሞገድ ደግሞ በኋላ 6110 እና 7210። ስለዚህ «የጅማ ጣቢያ» ተብሎ በቀን ጥርት ብሎ ይሰማ የነበረው በብዙ ቤት የመቱ ማሠራጫ ነው። ፕሮግራሙ ከአዲስ አበባ፣ ሞገዱ ከኢሉባቦር።

የትምህርት ሬዲዮን አትርሱ። የትምህርት መገናኛ ብዙኃን በየክፍለ ሀገሩ 1 ኪሎዋት አካባቢ የሆኑ ትናንሽ የመካከለኛ ሞገድ ማሠራጫዎች ነበሩት፤ ትምህርት ቤቶች በክፍል ውስጥ ሬዲዮ ከፍተው የሚከታተሉት እሱን ነበር። ትልቁን ከትንሹ የሚቀላቅሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ሜትር ለተጻፈበት ዳያል፦ 300,000ን በኪሎኸርዙ አካፍል። 684 ማለት 439 ሜትር፣ 873 ማለት 344 ሜትር፣ 1080 ማለት 278 ሜትር። ፊሊፕሱ ላይ 400 እና 450 ከተጻፈ መቱ ወደ 450 ተጠግቶ ነው የሚገኘው።

አጋሮ_በር

ጋሼ፣ መቱ የሚለው አልተዋጠልኝም። ከጅማ በበደሌ ዞሮ መቱ ከ250 ኪሎሜትር በላይ ነው፤ ያን ያህል ርቀት በቀን በመካከለኛ ሞገድ ጥርት ብሎ ይሰማል?

ጋሼ_ዳያል

ልጄ፣ ሞገድ በበደሌ አይዞርም። በቀጥታ መስመር ከጅማ መቱ 155 ኪሎሜትር አካባቢ ነው፤ ጌጃ ደግሞ 235 አካባቢ። ያውም ዝቅ ያለ ፍሪኩዌንሲ (ድግግሞሽ) በምድር ላይ የተሻለ ይጓዛል፤ 684 ከ873 ያነሰ ኪሳራ አለው። ርቀቱም ድግግሞሹም ለመቱ ያደላሉ። በቀን 6 ሰዓት ላይ ሁለቱንም አነጻጽሩ፤ የቀን አቀባበል የምድር ሞገድ ብቻ ስለሆነ አያወላዳም።

ኪቶ_አንቴና

የሦስተኛው ጥያቄ መልስ አጭር ነው፤ ዲጂታል ሬዲዮው በ10 ኪሎኸርዝ እርምጃ ላይ ነው ያለው።

የአፍሪካ፣ የአውሮፓና የእስያ የመካከለኛ ሞገድ ዕቅድ በ1975 በፈረንጆቹ ጄኔቫ ላይ ተስማምተውበት፣ ከኅዳር 14 ቀን 1971 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ከዚያ ወዲህ ጣቢያዎች ሁሉ 531፣ 540፣ 549 እያሉ እስከ 1602 ድረስ በ9 በሚካፈል ቁጥር ላይ ይቆማሉ። አሜሪካ ግን በ10 ነው የሚሄደው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ወይም እዚያ ላይ የተስተካከለ ሬዲዮ 870 እና 880 እንጂ 873 የለውም።

የእያንዳንዱን ስህተት እዩት፦ 873ን በ870 ስትይዘው 3 ኪሎኸርዝ ትስታለህ፣ 684ን በ680 ስትይዘው 4። 972ን በ970 ከያዝከው 2 ብቻ ነው፤ ስህተቱ እምብዛም አይታወቅም። 1080 ግን ለ9ም ለ10ም ይካፈላል፤ ስለዚህ በየትኛውም እርምጃ ልክ ይገባል። «ፋና ጥርት ይላል፣ የመንግሥቱ ሬዲዮ ይሻክራል» የሚለው ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጣቢያው ደካማ ሆኖ አይደለም።

ማስተካከያው በአብዛኛው ከኋላ ወይም ባትሪ ድንጋዩ ከሚገባበት ክፍል ውስጥ «9/10» የሚል ማንሸራተቻ ነው። ማንሸራተቻ ከሌለው ሬዲዮውን አጥፍቶ አንዱን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ነው፤ የትኛው ቁልፍ እንደሆነ መመሪያው ይነግርሃል። ከቀየርክ በኋላ የተመዘገቡት ጣቢያዎች ስለሚጠፉ እንደገና ፈልግ። በእጅ የሚዞር ዳያል ላይ ይህ ችግር የለም።

አጋሮ_በር

እሺ፣ ተስማማሁ። ማታ ግን ሌላ ነው። ከ1 ሰዓት በኋላ 684 ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ድምፁም ይጣመማል። ቀን ጠንካራ የነበረው ማታ እንዴት ይባስበታል?

ኪቶ_አንቴና

ቀን ከ60 እስከ 90 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ያለው የከባቢ አየር ንብርብር ወደ ላይ የሚሄደውን መካከለኛ ሞገድ ይውጠዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ለኛ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ያ ንብርብር ይበተንና ሞገዱ ከላይኛው ንብርብር ተመልሶ ይወርዳል። ለናይሮቢ ወይም ለጂዳ አድማጭ ይህ ጥሩ ነው። ጅማ ያለ አድማጭ ግን መቱን በሁለት መንገድ ይቀበላል፤ በምድር የመጣውና ከሰማይ የወረደው። ሁለቱ ኃይላቸው ሲቀራረብ አንዱ ሌላውን አንዴ ያግዛል፣ አንዴ ያጠፋል። የድምፁ መጣመም የሚመጣው ማጥፋቱ ሁሉንም ድግግሞሽ እኩል ስለማይነካ ነው፤ ዋናው ተሸካሚ ሞገድ ጠፍቶ ድምፁን የያዙት ጎኖቹ ሲቀሩ ማንኛውም ተራ ሬዲዮ ያጣምማል።

ትልቅ አንቴና አይረዳም፤ ሁለቱንም እኩል ያጎላል። የሚረዳው ጠባብ ማጣሪያ፣ ወይም ዳያሉን አንድ ሁለት ኪሎኸርዝ ወደ ጎን መግፋት፣ ወይም ሬዲዮው ኤስኤስቢ (የሞገዱን አንድ ጎን ብቻ መቀበያ) ካለው እሱን መክፈት ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ይሄኛው ብዙ ሰው አያነሳውም። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በዚህ አካባቢ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብም ሆነ በተቃራኒው የሚሄድ፣ ከቁም ምሰሶ የወጣ መካከለኛ ሞገድ ወደ ሰማይ ሲገባ ተጨማሪ ኪሳራ ይገጥመዋል፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄደው ግን ይህ አይገጥመውም። ስለዚህ ማታ ጅማ ላይ ከሰሜን የሚመጡ የዓረብ ጣቢያዎች በጣም ጎልተው ሲሰሙ አትደነቁ። ለምሳሌ በ1521 ላይ የሳዑዲው ማሠራጫ 2,000 ኪሎዋት ነበር፤ ለመስማት እንኳ የሬዲዮውን የውስጥ አንቴና፣ ዘንጉን፣ ማዞር አይጠይቅም።

ሰኮሩ_መስመር

ዘንግ ካነሳህ አይቀር፣ አቅጣጫውን በትክክል እንንገራቸው። በትራንዚስተር ሬዲዮ ውስጥ ያለው የፌራይት ዘንግ ጎኑን ወደ ጣቢያው ሲሰጥ በደንብ ይቀበላል፤ ጫፉን ሲያመለክት ድምፁ ይጠፋል። የሚጠፋበት ነጥብ ከሚጎላበት ይልቅ እጅግ ጠባብና ትክክለኛ ስለሆነ፣ አቅጣጫ የሚለካውም ጣልቃ ገብ የሚወገደውም በእሱ ነው።

ከጅማ መሃል ከተማ ሲታይ መቱ በኮምፓስ 297 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ወደ አጋሮ ከሚያመለክተው ብዙ አይርቅም። ጌጃ 58 ዲግሪ ነው፤ ወደ ሰኮሩ ከሚያመለክተው ትንሽ ወደ ሰሜን። ዘንጉ ከፊትና ከኋላ አይለይም፤ ስለዚህ በሁለቱ የመጥፊያ ነጥቦች መካከል ያለው ማዕዘን 60 ዲግሪ ያህል ነው። አንዱን አጥፍቶ ሌላውን ማድመጥ በጣም ይቻላል። ሬዲዮውን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስቀምጡና ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ቤታችሁ ቆርቆሮ ክዳን ከሆነና የኤሌክትሪክ ሽቦ በግድግዳው ላይ ካለፈ ነጥቡ ይዛባል፤ በረንዳ ላይ ሞክሩት።

ጫጫታውን በተመለከተ፣ ከመስመር የሚመጣውን ከቤት ከሚመጣው ለዩ። መጀመሪያ የቆጣሪውን ማጥፊያ ዝቅ አድርጉና በባትሪ ድንጋይ አድምጡ። ጫጫታው ከቆመ ከቤት ነው፤ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖልና የሞባይል ቻርጀር ቀንደኞቹ ናቸው። ካልቆመ ከምሰሶው ነው። ዝናብ ሲዘንብ የሚጠፋ፣ በደረቅ ቀንና በነፋስ የሚብስ «ዝዝዝ» የላላ ብሎን ወይም የላላ ማሰሪያ ብልጭታ ነው፤ ውሃ ክፍተቱን ስለሚያገናኘው ዝም ይላል። በካፊያና በጭጋግ የሚብሰው ደግሞ የቆሸሸ ወይም የተሰነጠቀ ሲኒ (ሽቦውን ከምሰሶው የሚለየው ሸክላ) ነው። ለመብራት አገልግሎት ስታመለክቱ ይህን ልዩነት ጨምራችሁ ጻፉ፤ «ሬዲዮ ያንጫጫል» ብቻ ስትሉ ማንም ምሰሶ ላይ አይወጣም።

ቡና_ለቀማ

ለገጠሩስ? ጎማና ጌራ ወረዳ ብዙ ቤት መብራቱ የፀሐይ ኃይል ነው። ቆጣሪ የለ፣ ምሰሶ የለ፣ ጫጫታው ግን አለ።

ሰኮሩ_መስመር

ከፀሐይ ፓነሉ መቆጣጠሪያ ነው የሚመጣው። መቆጣጠሪያው ባትሪውን የሚሞላው ኃይሉን በፍጥነት እየቆራረጠ ነው፤ ከፓነሉ እስከ ባትሪው ያለው ረጅም ሽቦ ደግሞ ጫጫታውን እንደ አንቴና ይረጨዋል። ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን ሽቦ እርስ በርሱ አጠማዝዛችሁ አስኪዱ፤ ለየብቻ ተለያይተው ከተዘረጉ ይብሳል። ከዚያ ከተበላሸ ሬዲዮ የወጣ የፌራይት ዘንግ ወይም ቀለበት ላይ ሁለቱንም ሽቦ አንድ ላይ 8 ወይም 10 ዙር ጠምጥሙ፤ ለመቆጣጠሪያው በጣም ተጠግቶ። ሌላው ቀላል ዘዴ ማምሸት ነው፤ ፀሐይ ከጠለቀች መሙላቱ ስለሚቆም አብዛኛው ጫጫታ ይቆማል። መብራቱ የሚያንጫጫ ከሆነ ግን ከአምፖሉ ነው።

ወቅቱንም አስቡ። ለቀማው ላይ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ መብረቅ ስለሚቀንስ አቀባበሉ ከዓመቱ ሁሉ የተሻለ ነው። ከሚያዝያ እስከ መስከረም የሚሰማው «ጠሽ ጠሽ» የሩቅ መብረቅ ነው፤ ምንም አይፈታውም።

ኪቶ_አንቴና

ደካማ ጣቢያ ለሚፈልግ ሰው ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን የሽቦ አንቴና ይሥራ። ዋጋው ከምንም አይቆጠርም፣ ሬዲዮውም መከፈት አያስፈልገውም።

ሁለት እንጨት በመስቀል አጋጥመህ ጎኑ 60 ሳንቲሜትር የሆነ ማዕዘን እንዲወጣ አድርግ። በአራቱም ጫፍ 5 ሚሊሜትር ርቀት ያላቸው ጥርሶች ቁረጥ። 365 ፒኮፋራድ የአየር ቫሪያብል (ጣቢያ መፈለጊያው፣ የሚዞረው ኮንዴንሰር) ካለህ 13 ዙር ጠምጥም፤ 32 ሜትር ሽቦ ይበላል። ቫሪያብሉ ከትራንዚስተር ሬዲዮ የወጣ ትንሹ ፕላስቲክ ከሆነና ሁለቱን የኤኤም ክፍሎች አገናኝተህ 220 ፒኮፋራድ አካባቢ ካገኘህ ግን 17 ዙር፣ 41 ሜትር ሽቦ። የሽቦውን ሁለት ጫፍ በቫሪያብሉ ሁለት እግር ላይ አስር፤ ሌላ ነገር የለውም። ሽፋን ያለው ቀጭን ሽቦ ይበቃል፣ የስልክ ሽቦም ይሆናል።

ሬዲዮውን አጠገቡ አስቀምጥ፤ የውስጡ ዘንግ በማዕዘኑ መሃል አልፎ የሚወጋ አድርገህ አስብ። ሬዲዮውን 684 ላይ አስተካክልና ቫሪያብሉን አዙር፤ ድምፁ ድንገት ሲያብጥ ደርሰሃል። ባለ 13 ዙሩ ለ684 በ230 ፒኮፋራድ አካባቢ፣ ለ873 በ140 አካባቢ ይስተካከላል፤ ስለዚህ ሁለቱም በቫሪያብሉ መካከለኛ ዙር ውስጥ ይወድቃሉ።

ስህተት የሚመጣባቸው፦ ዙሮቹ ተደራርበው ከተጠመጠሙ በመካከላቸው ያለው ድብቅ አቅም ይጨምርና ከ1400 በላይ አይደርስልህም። ቫሪያብሉን ስትነካው ድምፁ ከተቀየረ እጅህ ነው ማስተካከያውን የሚያዛባው፤ በፕላስቲክ ማዞሪያ አዙረው። በጣም ሲጠጋ ደግሞ የሬዲዮውን ማስተካከያ ይጎትተዋል፤ ጥቂት ሳንቲሜትር አርቀው።

ፒንሳ_እና_ካቻቢቴ

ከአንቴና በፊት ሬዲዮው ራሱ ደህና መሆኑን እዩ። ጅማ እርጥብ ከተማ ናት፤ አሮጌ ትራንዚስተር የሚሞተው ከእርጅናው ይልቅ ከእርጥበቱ ነው።

«ክርክር» የሚል ከሆነ ድምፁን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጉ። ከጠፋ ችግሩ ከድምፅ መቆጣጠሪያው በፊት ነው፤ ካልጠፋ ከዚያ በኋላ። በፊት ከሆነ መጀመሪያ የሞገድ መቀያየሪያውን ጠርጥሩ። ንጹሕ አልኮል ጠብ አድርጋችሁ ሃያ ጊዜ ወዲያ ወዲህ ግፉት። የወጥ ዘይት አታስገቡ፤ አቧራ ሰብስቦ ይብሳል። አሁንም ካለ የ455 ኪሎኸርዝ ቆርቆሮ ለበስ ኮይሎች (ቢጫ፣ ነጭ፣ ጥቁር ቀለም ያለባቸው) ሥር ያለችው ትንሽ ኮንዴንሰር ዝጋለች ማለት ነው። ቀለሙን ዝም ብላችሁ በካቻቢቴ አታዙሩ! ሰው ሁሉ ሬዲዮ የሚገድለው እዚያ ነው። ብረት ካቻቢቴ ያን ፌራይት ይሰነጥቃል፤ ከፕላስቲክ ወይም ከቀርከሃ የተቀረጸ ይሁን።

ሬዲዮው ወድቆ «ደከመ» ከተባለ ዘንጉን እዩ። ለሁለት የተሰበረ ፌራይት በጠንካራ ማጣበቂያ ክፍተት ሳይኖረው ከተገጠመ ይሠራል፤ ግን ማስተካከያው ይቀየራል። ከኮይሉ የሚወጣው ሽቦ ደግሞ አንድ ሳይሆን ብዙ የፀጉር ያህል ክሮች ናቸው። ሁለት ሦስቱ ቢበጠሱ ሬዲዮው አይሞትም፣ ደካማ ይሆናል እንጂ፤ ሁሉንም አጽድታችሁ አንድ ላይ በዩ።

ማስተካከል የግድ ከሆነ በዚህ ቅደም ተከተል፦ ዳያሉን በዝቅተኛው ጫፍ 684 ላይ አድርጉ፣ ጣቢያው በቁጥሩ ላይ እንዲመጣ የኦሲሌተሩን (የሬዲዮው የራሱ ሞገድ ማመንጫ) ቀይ ኮይል በጥቂቱ አዙሩ፤ ከዚያ በዘንጉ ላይ ያለውን ኮይል አንሸራትታችሁ ድምፁን አጉሉ። ወደ ላይኛው ጫፍ ሂዱ፣ ማታ ከሆነ የጅቡቲው 1431 ይመቻል፣ ያ ከሌለ 1080፤ እዚያ ላይ የሚነካው በቫሪያብሉ ጀርባ ያሉት ሁለት ትሪመሮች (ትናንሽ ማስተካከያ ብሎኖች) ብቻ ናቸው። አንዱ ጫፍ ሌላውን ስለሚረብሽ ተመላልሳችሁ አስተካክሉ። ስትጨርሱ ኮይሉን በሻማ ጠብታ አስሩት።

ሂርማታ_ሞገድ

በጣም አመሰግናለሁ፤ ሦስቱም ተመልሰዋል። አንድ የቀረ፦ ጅማ ዛሬ ጅማ ፋና ኤፍኤም አላት፣ የዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ ሬዲዮ አለ። ሁሉም ኤፍኤም ናቸው። በራሷ በጅማ 1 ኪሎዋት ኤኤም ማቆም ምን ይጠይቃል?

ኪቶ_አንቴና

መሬትና መዳብ። በ1080 ዓይነት ድግግሞሽ የሩብ ሞገድ ምሰሶ 69 ሜትር ነው፤ ምሰሶው ራሱ አንቴና ስለሆነ ከሥሩ በትልቅ ሲኒ ከመሬት ተለይቶ ይቆማል። ከሥሩ ደግሞ እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦ በየአቅጣጫው ይቀበራል፤ የተለመደው 120 መስመር፣ እያንዳንዱ የምሰሶውን ያህል ርዝመት። ብዜቱ ከ8 ኪሎሜትር በላይ መዳብ ይመጣል፣ ቦታውም አንድ ሄክታር ተኩል። በ684 ቢሆን ምሰሶው 110 ሜትር፣ መዳቡ 13 ኪሎሜትር፣ ቦታው ወደ 4 ሄክታር። ለዚህ ነው ትናንሽ ጣቢያዎች ወደ ላይኛው የዳያል ጫፍ የሚገፉት።

ቦታ ምርጫውም የኤፍኤም ተቃራኒ ነው። ኤፍኤም ኮረብታ ይፈልጋል፣ ጅሬን ላይ ቢቆም ደስ ይለዋል። ኤኤም ዝቅ ያለ እርጥብ ሜዳ ነው የሚፈልገው፣ ቦዬ አካባቢ ያለውን ዓይነት። ደረቅ ቀይ አፈር ኃይሉን ይበላዋል።

የሚበላሸውም ከዚያው ከመሬት ውስጥ ነው። መዳብ ይሰረቃል፣ ይታረሳል፤ ጥልቀቱ 20 ሳንቲሜትር ብቻ ነውና። ግማሹ መስመር ሲቆረጥ ማሠራጫው ውስጥ ያለው መለኪያ ያው 1 ኪሎዋት ያሳያል፤ የሚወጣው ግን ይቀንሳል፤ ቀሪው አፈር ያሞቃል። በምሰሶው ሥር ያለው የመብረቅ መከላከያ ክፍተትም በየክረምቱ ይታይ፤ መብረቅ ሲመታ ብልጭታው እዚያ እንዲዘል ነው የተሠራው፤ ነፍሳት ድር ካደሩበት ወይም ከቆሸሸ ያለ መብረቅ እየዘለለ ማሠራጫውን ያጠፋል።

አጋሮ_በር

ኃይሉስ? 100 ኪሎዋት ሲባል ከመስመር የሚወስደውም 100 ነው?

ኪቶ_አንቴና

አይደለም። 100 የሚባለው ድምፅ ሳይኖር የሚወጣው ተሸካሚ ሞገድ ነው። ድምፁ ሙሉ ሲሆን በጎኖቹ እስከ 50 ኪሎዋት ይጨመርበታል፣ በጫፉ ላይ ለቅጽበት 400 ይደርሳል። የድሮው የቫልቭ ማሠራጫ ከሚወስደው ኃይል ግማሹን ገደማ ነው የሚያወጣው፤ ስለዚህ ከመስመር 200 ኪሎዋት አካባቢ ሌት ተቀን። የትራንዚስተሮቹ አዲስ ማሠራጫዎች 85 በመቶ ያህል ይመልሳሉ። ከተማዋን ብቻ ለሚፈልግ ኤፍኤም 1 ኪሎዋት ኮረብታ ላይ ይበቃዋል። ዴዶ ሸለቆ ውስጥ ላለ አድማጭ ግን ኤፍኤሙ ኮረብታውን አያልፍለትም፤ 684 ያልፍለታል።